የግራው ማይክ

ውድ ተቀባዬ፣

የሱቃችን የውሃ ማፍያ ባደረበት ድንገተኛ የመቃጠል ሕመም በጠጋኝ ሲረዳ ቆይቶ፣ በተወለደ በውል ባልታወቀ ዕድሜው፣ ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን የምገልጽልህ በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟች ከሱቁ ምሥረታ ጀምሮ ያለ ዕረፍት ሲፈላ የኖረ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወዲህ እንኳ በጎማ ታስሮ ሥራውን ያላስተጓጎለ፣ ቁጣው ቶሎ የሚበርድ፣ እንግዳ አክባሪ ነበር። ሥርዓተ ቀብሩም ወዳጅ ዘመዶቹ፣ ማለትም እኔ፣ በተገኘሁበት ከሕንፃው ጀርባ ባለው የቆሻሻ ገንዳ ተፈጽሟል። የአበባ ጉንጉን ያስቀመጠለት የለም፤ የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ግን የሙዝ ልጣጭ ጣል አድርጎለታል።

ይህን ከባዳ አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው። እንዲያውም እውነቱን ካወጣሁት ላይቀር፣ ለአንተ ለመጻፍ ሰበብ ስፈልግ ነው የሰነበትኩት፤ ማፍያው ነፍሱን ይማረውና ባለውለታዬ ሆነ። ስልክ ስደውል አታነሳም። መልእክት ብልክ "እደውላለሁ" ትላለህ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብጽፍልህ የምትመልስልኝ አንድ አውራ ጣት ነው፤ ቢጫ፣ ቀጥ ያለ፣ ጤነኛ አውራ ጣት። ያን ያህል ዘመን አጠገቡ ቆሞ ለዘፈነ ሰው ጣት ይላካል? ወረቀት ግን ጣት አያስልክም። መልስ ካለህ በሙሉ እጅህ ትጽፋለህ፤ ከሌለህም ዝም ማለትህ በደንብ ይታወቅልሃል።

ድርጅታችን፣ "አውጪና ተቀባይ የሙዚቃ አገልግሎት"፣ በአጥጋቢ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ለአከራዩም የምለው ይህንኑ ነው። አሁንም ድምፅ ማጉያና ማይክ እናከራያለን፤ አሁንም እዚህ ለሚኖሩ ያገራችን ልጆች ሠርግና ልደት እንዘፍናለን። "እናከራያለን፣ እንዘፍናለን" የምለው ለድርጅቱ ክብር ብዬ አይደለም። "አከራያለሁ፣ እዘፍናለሁ" ብዬ ስጽፈው ክፍሉ ይሰፋብኛል።

በራሳችን ፊደል የተጻፈው ሰሌዳችን ለመንገደኛው ዛሬም ምሥጢር ነው። ክፍሉ ከእኛ በፊት የጥርስ ሐኪም ቤት ስለነበር፣ በቀደም አንድ አዛውንት ጉንጫቸውን ይዘው ገብተው፣ ምንም ሳይናገሩ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጠው አፋቸውን ከፈቱልኝ። እኔም ሰው ከመጣ ስንት ጊዜው ነው ብዬ፣ አጎንብሼ አየሁላቸው። ከታች በኩል አንዱ ተቦርቡሯል።

ልብስ ሰፊውን ታስታውሰዋለህ። እኛ ስንለማመድ ጣሪያውን፣ ማለትም የእኛን ወለል፣ በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድብ፣ አንተ "ከበሮ መቺያችን ገባ" እያልክ በምቱ ልክ የምትዘፍንበትን። መደብደቡን ካቆመ ቆየ። አንድ ቀን ደረጃውን ወጥቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ይቅርታ ለመጠየቅ ተነሳሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ ድምፅ አላሰማሁም። በዚያ እሱም እኔም በግማሽ በምንችለው ቋንቋ ታመህ ነው ወይ አለኝ። አይ ደህና ነኝ አልኩት። ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ወረደ። ስሞታ የሚያቀርብበት ጎረቤት ያጣ ሰው ብቸኝነቱን ከዚያ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

አንተ የሄድክ ዕለት "እናቴን አይቼ ደርሼ ልምጣ" ብለህ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዘህ ነው የወጣኸው። ጃኬትህን በሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ተውከው። ጃኬት የሚተው ተመላሽ ሰው ነው ብዬ በሱ ተጽናናሁ። ብዙ ቆይቶ ነው እዚያ አገራችን ሙቀት መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ለዚያች "ደርሼ ልምጣ" ለምትባለው ጊዜ ብቻዬን እንዳልሆን ብለህ የሠራኸውን ሥራ ግን እስካሁን አመሰግንሃለሁ፤ አንዳንዴም እረግምሃለሁ። ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጠህ፣ ከግራ ጫፍ ያሉት ቁልፎች ላይ ድምፅህን አንድ በአንድ ቀዳህበት። አንዱን ስጫነው "ልክ ነው" ትላለህ። ቀጥሎ ያለውን ስጫነው "እንዴታ" ትላለህ። ከዚያ ወዲያ ያሉት የሙሽራ መግቢያ ዘፈናችን መልሶች ናቸው። የመጨረሻው ላይ፣ "ጨዋታው ሲቀዘቅዝ ይህን ተጫን" ብለህ፣ ሳቅህን አስቀመጥክልኝ። ያንን የዶሮ ካካታ የሚመስል ሳቅህን። በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞህ ስለነበር አንድ ቁልፍ ላይ ሳልም አለ፤ እሱን ግን ተጫን ብለህ አላዘዝከኝም።

ዘፈኑን መቼም አልረሳኸውም። እኔ እጠይቃለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ። "ሙሽራውስ የት አለ?" ስል፣ "ይኸው ቆሟል!" "አጎትየውስ የት አሉ?" ስል፣ "ምግቡ ጋ!" "ሙሽሪትስ የት አለች?" ስል፣ "ዓይን ሁሉ እሷ ላይ!" በመጨረሻም "አማትየዋስ የት አሉ?" ስል፣ "ስንጨርስ ሊገመግሙን!" አዳራሹ ይስቃል፣ አማትየዋ ደስ እያላቸው ይቆጣሉ፣ ሙሽሮቹ ይቀመጣሉ። አንተ ከሄድክ ወዲህ እኔ በአፌ እጠይቅና በግራ እጄ ትንሽ ጣት መልስህን እጫናለሁ። ሰው በገዛ ጣቱ ለራሱ ሲመልስ ምን እንደሚሰማው ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ይቅር።

የግራውንም ማይክ መትከሉን አልተውኩም። በአንተ ቁመት ልክ፣ ገመዱን ጨምሬ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ "ጓደኛህስ?" ሲለኝ፣ "ሽንት ቤት ሄዷል፣ አሁን ይመጣል" እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ከአፌ አምልጦኝ ነው። ከዚያ ግን በየሠርጉ የሚጠይቀኝ ያው የፊቱ ሰው ነው፤ ቃሌን ማጠፍ ከበደኝ። በዚህ የተነሳ እዚህ ያለው ያገራችን ሰው በሙሉ ኩላሊትህ እንደማይሠራ ያምናል። አንዲት እናት አንድ ብልቃጥ መድኃኒት ሰጥተውኛል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ነው አሉ። ሌሎችም አፋቸውን ይዘው "እንዲህ ሳቂታ ልጅ" ይሉልሃል። ስልክህ ላይ ከማታውቀው ቁጥር "እግዜር ይማርህ" የሚል ከገባ፣ ምንጩ ይህ ነው።

ማግባትህን የሰማሁት ከቪዲዮ ነው። የሆነ ሰው ለሆነ ሰው ልኮ፣ ያ ሰው ለእኔ ላከው። እንኳን ደስ ያለህ። ሙሽራይቱ ቆንጆ ናት፤ አዳራሹም ሰፊ ነው። ባንዱን በተመለከተ ግን ሙያዊ አስተያየቴን ብገልጽ ቅናት አይደለም፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጁን ቤቱ ረስቶ የመጣ ይመስላል። አውጪው ማይኩን እንደ አይስክሬም ነው የሚይዘው። አንተ ደግሞ ሙሽራ ወንበርህ ላይ ሱፍህን ለብሰህ ቁጭ ብለሃል። ካሜራው ሲጠጋህ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል፤ ለአይስክሬም በሊታው እየመለስክለት ነው። ለማታውቀው ሰው። ያን ቦታ ወደ ኋላ እየመለስኩ ደጋግሜ አየሁት። በሰዓቱ ነው የምትመልስለት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ጉዳዩ ቦታህን ይመለከታል።

በቅርቡ በተደረገ አንድ ሠርግ እንደ ልማዴ ግራና ቀኝ ማይክ ተክዬ ስጫወት፣ ሙሽሪት በሩ ላይ ብቅ አለች። ቀሚሷ ጭራው ረጅም ነው፤ ከኋላ ሁለት ሴቶች እንደ መጋረጃ ይዘውላታል። ሰው ሁሉ ተነሳ። እኔም "ሙሽራውስ የት አለ?" ብዬ ጣቴን ስሰድ ቁልፍ ስቼ ሳቅህን ተጫንኩት። ይህ እንኳ ሲያጋጥም የሚያጋጥም ነገር ነው። ጣቴን ባነሳ ግን ቁልፉ አልተነሳም። ተነክሶ ቀረ። አንተም ሳቅህን ቀጠልክ። ሙሽሪት በሩ ላይ ቆማ፣ በሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ፣ ካካካካ። ልጅቷ መጀመሪያ ቀሚሷን አየች፤ ከዚያ ጫማዋን። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሙሽራው እኔን አየኝ። በመዳፌ ብመታው ሳቅህ ጭራሽ ፈጠነ። መሰኪያውን ነቀልኩት።

 ሦስት መቶ ሰው እንደ ቆመ ያየሃል። አውጪ ነኝና አፌን ከመክፈት ሌላ የማውቀው የለም፤ ያለ መሣሪያ፣ ባዶ ድምፄን፣ "ሙሽራውስ የት አለ?" አልኩ። አንተ የምትመልስበትን ያህል ጠበቅኩ። ማንም የለም። "አጎትየውስ የት አሉ?" አልኩ። ይሄኔ ከአዳራሹ ጥግ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ፣ ጎርናና የሽማግሌ ድምፅ "ይኸው ቆሟል!" ብሎ መለሰ።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ነበር የመለሰው። እኔ ግን የመጣልኝን ገመድ ይዤ ወጣሁ፤ "ሙሽሪትስ የት አለች?" ስል፣ ድምፁ ሙሉ በሆነ እርግጠኛነት "ምግቡ ጋ!" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙሽሪት ሊፈስ የነበረ እንባዋን ይዛ ሳቀች፤ አፏን ለመሸፈን እንኳ እጇ አበባ ይዟል። "አማትየዋስ የት አሉ?" ብዬ ጨረስኩ። "ዓይን ሁሉ እሷ ላይ!" አለ ሽማግሌው። አማትየዋ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ። የመጨረሻው መልስ፣ "ስንጨርስ ሊገመግሙን!" የሚለው፣ ሁሉም ሰው ከተቀመጠ በኋላ ብቻውን መጣ።

ያ ሰው ጋሽ ማሚቶ ናቸው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ገደል ማሚቶ ዘግይተው ስለሚመልሱ። የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው እዚህ አመጣቻቸው። በየሠርጉ ስለምታዞራቸው ዘፈኑን ከመስማት ብዛት በቃላቸው ያውቁታል። በሠርጉ ማግስት ደረጃችንን እየቆጠሩ ወጥተው ሱቅ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በቅድሚያ የጠየቁኝ ስለ ኩላሊትህ ነው።

"ያ የሽንት ቤቱ ልጅ ተሻለው?"

ተሽሎታል አልኳቸው። እንግዲያው ቦታው ክፍት ከሆነ ብለው ጀመሩ። ቦታው ሰው አለበት፣ ጋሼ፣ አልኳቸው። እሳቸውም ባዶውን ወንበር አዩ፤ በሩ ጀርባ የተንጠለጠለውን ጃኬት አዩ፤ ጃኬቱን ዳሰሱት፤ ጣታቸው ላይ የቀረውን አቧራ እያዩ "አዎ፣ አለበት" አሉ። ከዚያ ተቀመጡ። እስኪመጣ እጠብቀዋለሁ፣ ሥራ የለኝም፣ አሉ።

ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፉ ነገሩኝ። ልጃቸው በጠዋት ሥራ ትሄዳለች። የልጅ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በዚህ አገር ቋንቋ ነው፤ ለእሳቸው ሲያወሩም በዚያው ነው፤ እሳቸውም ለሁሉም "እሺ" ይላሉ። በቀደም "እሺ" ብለው ድመት ሊገዛ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሚያናግሩት የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ነው፤ "እሱም ሲጨርስ ይጮህብኛል" አሉኝ።

በነጋታውም መጡ። ከዚያም በነጋታው። እኔም ቦታውን ሳልሰጣቸው፣ እንዲያው ለጊዜ ማሳለፊያ ብዬ፣ ላስተምራቸው ሞከርኩ። "የት" ስል ይዘጋጁ፣ "አለ" ከማለቴ ይግቡ አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሳትጨርስ? ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የሚመለስለት ምን ተብሎ ነው? እኔ መብራት እንኳ በደንብ አረንጓዴ ካልሆነ አልነሳም ነበር።"

መብራት ሌላ፣ ዘፈን ሌላ ነው አልኳቸው። ተጨቃጨቅን። ድምፃችን ከፍ አለ፤ ለማሳየት ብዬ ዘፈንኩት፤ እሳቸውም በዘገየው ቦታቸው መለሱ። በዚህ መሐል ከወለላችን ሥር ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ጋሽ ማሚቶ ደንግጠው እግራቸውን አነሱ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ልብስ ሰፊው ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ተናዶብኝ ነበር።

ኪቦርዱን ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ጠባብ ክፍል ነው ያለው፤ ግንባሩ ላይ ማጉያ መነጽር አሥሮ፣ በመነጽሩ ውስጥ ሲያይህ ብሎንህን የሚፈልግ ይመስላል። ሲሰካው አንተ ወዲያው መሳቅ ጀመርክ፤ ነቀለው። ችግሩ የቁልፉ ብቻ አይደለም፣ ውስጡም ተበላሽቷል፤ ሊድን የሚችለው በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ካስነሳሁት ነው አለኝ። የሚፈለግ ነገር አለበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሸሪኬን ላማክር አልኩት። እስከዚያ በስልክህ ቅዳው ብሎ መከረኝ።

ስለዚህ ላማክርህ ጻፍኩልህ። "ኪቦርዱ ውስጥ ያለው ድምፅህ ሊጠፋ ነው። ላጥፋው ወይስ ልተወው? ደግሞስ ትመጣለህ?" አልኩህ። አውራ ጣት ላክህልኝ።

ያን አውራ ጣት ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ሦስት ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። የትኛውን ነው ያጸደቅከው?

በማግስቱ ጋሽ ማሚቶ ሲመጡ ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እኔም ስልኬን አጠገቡ አድርጌ ልቀዳህ እየተዘጋጀሁ ነበር። ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። እስኪ አንዴ ላድምጠው አሉ። መሰኪያውን ስሰካው ሳቅህ ጀመረ። እሱ ከሥር እያጀበ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩላቸው። "ልክ ነው።" "እንዴታ።" "ምግቡ ጋ።" ሳልህን ሳይቀር አሰማኋቸው። ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የሞተር ድምፅ እንደሚመረምር ሰው አዳመጡህ።

"ደስ የሚል ሰው ነበር" አሉ።

"ነው" አልኳቸው። "በሕይወት አለ። ኩላሊቱም ደህና ነው። አገሩ ገብቶ ነው።"

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ማሚቶም አልገረማቸውም። መጀመሪያውኑ ያወቁ ይመስለኛል። እንደ ልማዳቸው ቆየት ብለው፣ ነገሩን ጨርሼ እንደሆነ አረጋግጠው፣ መለሱልኝ።

"ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አንተ የምትለውን አይሰማም። ያኔ የመለሰውን ነው አሁንም የሚመልስልህ። እኔ መዘግየቱን እዘገያለሁ፤ ግን ሰምቼህ ነው።"

ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ኪቦርዱን መልሼ ለጠጋኙ ወሰድኩና አጥፋው አልኩት። ሲያጠፋውም ምንም አልተሰማኝም። የማሽን ጉዳይ ነው፤ በጥቂት ደቂቃ አለቀ። የግራ ጫፎቹ ቁልፎች አሁን እንደ ማንኛውም ኪቦርድ ወፍራም የፒያኖ ድምፅ ነው የሚያወጡት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ ማሚቶ ሥራ ጀመሩ። ልጃቸው ሱፋቸውን ተኩሳላቸው፣ ራሷ አድርሳቸው፣ ሁለት ጊዜ ስልክ ደውላ እየዘፈኑ እንደሆነ አረጋግጣለች። ያለፈውን ሠርግ የሰሙ ሰዎች ናቸው የጠሩን፤ "ያቺን የምትዘበራረቀዋን ዝፈኑልን" ብለው አስቀድመው አዘዋል። ትክክለኛውን ለመሥራት የፈጀብንን ዓመታት ታውቃለህ። አሁን ተፈላጊው ስህተቱ ሆኗል። ጋሽ ማሚቶም በዚህ በጣም ይኮራሉ፤ "የእኔን አዘፋፈን" ይሉታል።

ችግር የገጠመን ዝግጅት ላይ ነው። እሳቸው አጭር ናቸው፤ የግራው ማይክ መቆሚያ ደግሞ ብሎኑ በአንተ ቁመት ላይ ዝጎ ቀርቷል። አልላላ አለኝ። ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ በጨርቅ ይዤ ጠመዘዝኩት፤ መዳፌ ተላጠ። ጋሽ ማሚቶ ወንበር ላይ ቆሜ ልዝፈን ወይ አሉ። ሁለታችን ተጋግዘን፣ እሳቸው ከታች ይዘው እኔ ከላይ ስታገለው፣ ድንገት ላላና ማይኩ እንደ ተኮነነ ነፍስ ቁልቁል ወረደ። እሳቸው አፍ ጋ ሲደርስ አጠበቅኩት።

ገና ድምፅ ስንሞክር ያቺ መድኃኒት የሰጡኝ እናት መጡ። ማይኩን አዩ፣ ጋሽ ማሚቶን አዩ፣ እኔን አዩ። "ጓደኛህስ?" አሉኝ። አፌ ልማዱን ይዞ ሽንት ቤት ሊል ነበር። አገሩ ገብቷል፣ እናቴ፤ አግብቷል፤ ከእንግዲህ የሚመጣ አይመስለኝም አልኳቸው። እናትየዋ ክንዴን ጨበጥ አደረጉና፣ "እና ያን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ነበርክ?" አሉ። ድምፅ መሞከሬን ቀጠልኩ።

ዘፈኑ በአጠቃላይ ተሳክቷል። አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ጥያቄውን ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ፊቴን ወደ ግራ አዞራለሁ፤ ዓይኔም ልማዱ ነውና ያንተ ፊት ይኖርበት የነበረው ከፍታ ላይ ሄዶ ያርፋል። እዚያ አሁን ያለው ግድግዳ ነው፤ ቅዳሜ ዕለት የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት ነበረበት። ከዚያ ዓይኔን ዝቅ አደርጋለሁ። ዝቅ ስል ጋሽ ማሚቶ ማይኩን በሁለት እጃቸው እንደ መሪ ይዘው፣ መጨረሴን እየጠበቁ፣ አፌን ያያሉ። በየጥያቄው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ እሳቸው። ጊዜ ይፈልጋል መሰለኝ።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ለውሳኔ የቀረበ ሳይሆን ለማስታወቅ ያህል ነው። ቦታህ ተይዟል። ከሠራተኛነት አላሰናበትኩህም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው "ተቀባይ" የማን እንደሆነ ስለማይናገር መቀየርም አላስፈለገም። ጃኬትህን ልልክልህ አስቤ ነበር፤ ለጋሽ ማሚቶ ለክቼላቸው እስከ ጉልበታቸው ስለደረሰ ነው እስካሁን በሩ ጀርባ ያለው። ከመጣህ ሦስተኛ ማይክ እንተክላለን፤ አንተ በሰዓቱ ትመልሳለህ፣ እሳቸው ቆይተው ይመልሳሉ፣ እኔም ለአንድ ጥያቄ ሁለት መልስ የሚያገኝ የመጀመሪያው አውጪ እሆናለሁ። ካልመጣህም ለሚስትህ ዝፈንላት፤ እሷ ስትጠይቅህ ጣት አትላክ።

እናትህን ሳምልኝ። ኩላሊትህን ጠብቅ።

አውጪህ የነበርኩት፣
ከሱቃችን

ማስተካከያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ "ሲያጠፋውም ምንም አልተሰማኝም፤ በጥቂት ደቂቃ አለቀ" ተብሎ የተገለጸው በስህተት መሆኑ ስለተደረሰበት፣ "ጠጋኙ ሊያጠፋው ጣቱን ሲሰነዝር የድርጅቱ ባለቤት እጁን ያዘው፤ ተቀባዩ ሳቁን ይጨርስ ብሎም ለመነው፤ ሳቁ ግን ቁልፉ የተነከሰ በመሆኑ የሚያልቅ አልነበረም፤ ጠጋኙም ይህን እያወቀ መነጽሩን አውልቆ ወንበር አቀረበለት" ተብሎ እንዲነበብ ድርጅቱ በትሕትና ያሳስባል።